የደሴ መንገድ ማንን አሳየ? ማንንስ ጋረደ?

ከአዲስ አበባ ደሴ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ተወልጄ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። ለትምህርት፣ ለሥራ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ በዚህ መስመር ስወጣና ስወርድ ነው የኖርኩት። ለረጅም ጊዜ መንገዱ ለኔ ሰዓት ብቻ ነበር። ስንት ሰዓት እንነሳለን፣ ምሳ የት እንበላለን፣ መቼ እንገባለን፣ አለቀ። ሐሳቤን የቀየረው የ1965ቱ የወሎ ረሃብ ነው። የተራበውን ገበሬ አገር መጀመሪያ ያየው የት ነው ብዬ ሳነብ መልሱ እኔ በመስኮት እያየሁ የማልፈው አስፋልት ዳር ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ይህን መንገድ እንደ አንድ ሙሉ ጉዳይ ይዤ ስከታተለው ቆይቻለሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

መንገዱ በሙሉ ረጅም ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴ፣ በወልዲያ፣ በመቀሌና በአዲግራት አድርጎ ዛላምበሳ ይደርሳል። ድሮ አስመራ ድረስ አንድ መስመር ነበር። እኔ የማተኩረው ግን በደንብ በማውቀው ክፍል ላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ደሴ ባለው 401 ኪሎ ሜትር።

ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን አልፎ ሸኖ። ሸኖን ቅቤዋ አስጠርቷታል። ከዚያ ጫጫ፣ ከዚያ በ130ኛው ኪሎ ሜትር ደብረ ብርሃን። ብርዱ፣ አረቄውና የብርድ ልብስ ፋብሪካው የሚታወቁባት ከተማ ናት። እስከዚህ ድረስ መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው፣ ግራ ቀኙ ገብስና የግጦሽ መሬት። አገሩ እንዲሁ የሚቀጥል ይመስላል። አይቀጥልም። ከደብረ ብርሃን በኋላ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ጣርማበር ስትደርሱ መሬቱ በድንገት ያልቃል።

ጣርማበር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የመንገዱ ታሪክ ቋጠሮ እዚህ ነውና። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጉም ይለብሰዋል፣ ሹፌሩ መብራት አብርቶ ጥሩምባ እያሰማ ነው የሚጠጋው። ከዚያ ዋሻው ይመጣል። ጣሊያን ተራራውን በስቶ የሠራው ነው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አውቶቡሱ ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። አንዱ ያማትባል፣ አንዷ ቢስሚላህ ትላለች፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ የመኪናውን ጣሪያ ጠብ ጠብ ሲያደርግ ይሰማል። በዚያኛው በኩል ስትወጡ ሌላ አገር ነው። ገደሉ ከእግራችሁ ሥር ይከፈታል፣ ከታች ደብረ ሲና ትታያለች፣ ከእሷ ወዲያ ቆላው በጭጋግ ውስጥ ተዘርግቷል። ከዋሻው ሸዋ ሮቢት ያለው ርቀት ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ግን በዚያች ርቀት ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። ጣርማበር ላይ ጋቢ የተከናነበ ሰው ሮቢት ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል።

ደብረ ሲና ላይ መኪና ሲቆም ቆሎ ሻጮቹ ይከቡታል። በላስቲክ የታሰረ የገብስ ቆሎ ወደ መስኮት ይዘረጋል፣ ከውጭ ዋጋ ይጠራል፣ ከውስጥ ብር ይወረወራል፣ መኪናው ከተንቀሳቀሰም በኋላ መልስ ይዞ የሚሮጥ ልጅ አለ። ይቺን ከተማ በአገር ያስጠራት ይህ ቆሎ ነው። ቆሎው ደግሞ የመንገዱ ልጅ ነው። መኪና ባይቆም ማን ይገዛዋል?

አሁን አንኮበርን አስቡ። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብላ ነው ያለችው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የነገሡባት፣ ምኒልክም ንጉሠ ሸዋ ሳሉ የተቀመጡባት ከተማ ናት። ከደጋ ወደ ቆላ መውረጃው ዋናው በር ያን ጊዜ እሷ ነበረች። ከአንኮበር ሥር አልዩ አምባ ትልቅ ገበያ ነበረ፣ ከታጁራና ከዘይላ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጨውና ጨርቅ እያራገፈ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይጭን ነበር። እርግጥ አንኮበር የደከመችው በመኪና መንገድ ብቻ አይደለም። ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ኋላም ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ቤተ መንግሥቱም ገበያውም ተከትሏቸው ሄዷል። ቢሆንም የመኪናው መንገድ ከደጋ ወደ ቆላ መውረጃ ሲፈልግ አንኮበርን ትቶ ጣርማበርን መረጠ፣ ያኔ የከተማዋ ነገር አበቃ። ዛሬ አንኮበርን የሚያየው ሊያያት ብሎ የሄደ ሰው ነው። ደብረ ሲናን ግን ሳያስበውም ሁሉም ያያታል።

ብዙ ሰው ይህን መንገድ «ጣሊያን የሠራው» ብሎ ይዘጋዋል። ግማሽ እውነት ነው። ከጣሊያን በፊት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የተቀደደ የአዲስ አበባ–ደሴ የመኪና መንገድ ነበረ። ጠጠሩ ሳስቶ ክረምት ላይ ጭቃ የሚውጠው ቢሆንም መኪና ያስኬድ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ወደ ጦር ግንባር ሲዘምቱ ደሴ ላይ ሰፍረው ነበር፣ ከተማዋም ኅዳር 26 ቀን በአውሮፕላን ተደበደበች። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ጦራችን ተሸነፈ። ሚያዝያ 7 ጣሊያን ደሴ ገባ። ከዚያ ማርሻል ባዶልዮ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ በዚሁ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ተነሳ።

እዚህ ጋ ጣርማበር ራሱ ተዋጋ ማለት ይቻላል። መንገዱ ተሰብሮ ጠበቃቸው፣ ዝናቡም ወረደባቸው። ያ ሁሉ ካሚዮን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ወታደር እየገፋ፣ ድንጋይ እየተሸከመ፣ የፈረሰውን እየጠገነ ነው ያወጣው። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። ለጥቂት ቀናት ቢዘገዩም ደረሱ። ዋሻው የተበሳው ከዚያ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል፤ ያ ጭቃ ያዋረደው ጦር ዳግመኛ እዚያ መቆም አልፈለገም። መንገዱን «የድል መንገድ» ብለው ሰየሙት። እንግዲህ ስሙም አቅጣጫውም የጦር ነው። የገበሬ ገበያ የት አለ፣ ሰው በብዛት የሚኖረው የት ነው ተብሎ የተቀየሰ አይደለም። ካሚዮን ከአስመራ አዲስ አበባ በቶሎ እንዲደርስ ነው። ይህን አትርሱት፣ ኋላ ላይ የመጣው ብዙ ነገር ከዚህ ይመነጫል።

የሠሩት ደግሞ ጣሊያናውያን ብቻ አልነበሩም። ድንጋይ የፈለጠው፣ አፈር የዛቀው፣ ገደል አፋፍ ላይ የቆመው የአገሬው ሰው ብዙ ነው። ስማቸው የትም አልተጻፈም። የቀረልን ቋንቋው ነው። ዛሬም ኮምቦልቻ ጋራዥ ብትገቡ ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ ሲባል ትሰማላችሁ። ጣሊያን አገር ረግጦ የማያውቅ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጎማ ሥር ተኝቶ ጣሊያንኛ ያወራል።

ከነፃነት በኋላ መንገዱ ለተወሰኑ ዓመታት ጠጋኝ አጥቶ ተጎድቶ ነበር። በ1943 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች ትልቁ፣ 5 ሚሊዮን ዶላር፣ ለመንገድ ነበር። መጀመሪያ የተደረገውም አዲስ መቅደድ ሳይሆን ጣሊያን ትቶት የሄደውን ማዳን ነው። ርካሹና ፈጣኑ አማራጭ ይኸው ስለነበር አልፈርድባቸውም። ግን ምርጫው ያ ለጦር የተቀየሰ መስመር የሰላሙም ጊዜ የደም ሥር ሆኖ እንዲቀጥል አደረገው።

ከሮቢት በኋላ መንገዱ የስምጥ ሸለቆውን ጫፍ ይዞ ይሄዳል። ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ። ሰንበቴ እሑድ ገበያ ላይ ከደረሳችሁ መኪና እንደልቡ አይሄድም። አፋሩ ግመሉን፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉን፣ በርበሬውን፣ ከብቱን ይዞ ይወርዳል፣ አስፋልቱ የገበያው ክፍል ይሆናል። ሹፌሮች ይነጫነጫሉ። እኔ ግን ከመንገዱ ሁሉ የምወደው ቦታ ይህ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ገበያው ነው መንገዱን የገዛው።

ካራቆሬ ስትደርሱ አንድ ነገር አስታውሱ። በ1953 ግንቦት መጨረሻ ላይ ይህን አካባቢ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። ለሳምንታት አልረጋም። የመኪናው መንገድ ተሰነጠቀ፣ ካራቆሬ ውስጥ ብዙ ቤት ወደቀ። ሙሉ በሙሉ የፈረሰችው ግን ማጀቴ ናት። ማጀቴ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ገባ ብላ ነው ያለችው። መንቀጥቀጡ በዓለም የሳይንስ መዝገብ የተጻፈው በማን ስም መሰላችሁ? በካራቆሬ። ይህን መጀመሪያ ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። የወደመችው አንዷ፣ ስሙን የወሰደችው መንገድ ዳር ያለችው። የካራቆሬ ሰው ምንም አላጠፋም፣ እሱም ተጎድቷል። ግን ከዚህ የበለጠ የመንገድን ጉልበት የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

አሁን ወደ 1965 ልምጣ።

ዝናብ ጠፋ። ክፉኛ የተመቱት የወሎ ምሥራቃዊና ሰሜናዊ አውራጃዎች ነበሩ፣ ራያና ቆቦ፣ የጁ፣ አምባሰል፣ ዋግ፣ ላስታ፣ ቃሉም ጭምር። ቆላ ላይ የአፋር ከብት አለቀ። ይህ ሁሉ ሲሆን አዲስ አበባ ዝም ብላ ነበር። ባለሥልጣኑ የሚያውቀውን አላወራም፣ ጋዜጣ አልጻፈም። ገበሬው ታዲያ ቤቱ እህል ሲያልቅ፣ በሬውን ሲሸጥ፣ ዘሩን ሲበላ፣ የመጨረሻ እርምጃው አንድ ነበር፤ ወደ መኪና መንገዱ መውረድ። አስፋልቱ ዳር ተሰብስበው አውቶቡስና የቤት መኪና እያስቆሙ ዳቦ ለመኑ። ከወሎ ተነስተው በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ የመጡም ነበሩ፣ ፖሊስ ከተማው ሳይገቡ መለሳቸው።

እስቲ ይህን ከመስኮቱ በኩል አስቡት። ለሥራ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ነው። መኪናው ይቆማል፣ እጅ ይዘረጋል፣ ሕፃን የታቀፈች እናት አለች። ያ ሰው አዲስ አበባ ሲመለስ ዝም ማለት አይችልም። ወሬው የወጣው እንደዚህ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በዚያው ዓመት ሄደው ፎቶ አንስተው ግቢ ውስጥ አሳዩ፣ ተማሪው ተነሳ። በኋላ የውጭ ካሜራም በዚሁ መንገድ ነው የገባው። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት የረሃቡ ፊልም በቴሌቪዥን ለሕዝብ ታየ።

ስለዚህ መንገዱ አሳየ። ይህን መካድ አይቻልም። ግን ያሳየው መውረድ የቻለውን ነው። ከላስታና ከዋግ ተራራ እስከ አስፋልቱ ቀናት በእግር ነው። ጉልበት ያለው ደረሰ። ሽማግሌዋ፣ አራሷ፣ የታመመው አልደረሱም። ከመስኮት የታየው መከራ ከሁሉም የከፋው አልነበረም፣ የከፋው እዚያው ቤቱ ውስጥ ነው የቀረው።

ከዚህ የባሰም አለ። በረሃቡ ወራት በዚሁ መንገድ ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ ሌላ ገበያ ይወጣ ነበር። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ሰው እንደሚጠብቀው አልናረም፣ ለምን ቢባል የተራበው ሰው የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። እህል የሚሄደው ደግሞ ገንዘብ ወዳለበት ነው። እንግዲህ በአንድ አስፋልት ላይ፣ በአንድ ወቅት፣ እህል የጫነ ካሚዮንና ዳቦ የሚለምን ገበሬ ተላልፈዋል ማለት ነው። «መንገድ ከተሠራ ረሃብ አይኖርም» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። መንገድ እህል ያመጣል፣ እህል ይወስዳልም። የሚወስነው ኪስ ነው።

በ1977ም ተደገመ። ኮረም፣ አላማጣ፣ ቆቦ፣ ባቲ። እነዚህ የእርዳታ ጣቢያ የሆኑ ቦታዎች ሁሉ በዚህ መስመር ወይም በቅርንጫፉ ላይ ያሉ ናቸው። የእርዳታ መኪና የሚደርሰው እዚያ ስለነበር ሰው ወደ መኪናው ሄደ። በዚያ ብርድ ላይ ሜዳ ላይ ተኝቶ ያለቀው ስንቱ ነው።

ኮምቦልቻ ደረስን። ከአዲስ አበባ 376 ኪሎ ሜትር። እዚህ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ ይወጣል፣ ሌላው በባቲና በሚሌ ወደ አሰብ ይወርዳል። ከተማዬን ከተማ ያደረጋት ይህ መገንጠያ ነው። አጎቴ የአሰብ መስመር ተሳቢ ላይ ረዳት ነበር፣ ኋላ ሹፌር ሆነ። በእሱ ጊዜ ወደብ ላይ የተጫነ ሁሉ በእኛ ደጅ አልፎ ጣርማበርን ወጥቶ ነበር አዲስ አበባ የሚገባው። ለእኛ ለልጆች የሚነግረን አንድ ሕግ ነበረው፣ «ጣርማበርን በወጣህበት ማርሽ ውረደው፣ ፍሬን ላይ አትተማመን።» የሞቱ ጓደኞቹን አንድ በአንድ ከነኩርባቸው ያውቃቸዋል። ጣቱን አየር ላይ እያጠማዘዘ «እዚህ እገሌ፣ እዚህ እገሌ» ይለን ነበር።

በኋላ ከአዋሽ ሚሌ ያለው የቆላ መንገድ ተሠራ። ሜዳ ነው፣ ተሳቢ እንደልቡ ይሄድበታል። የወደብ ጭነት ወደዚያ ዞረ። ለአገር ትክክለኛ ውሳኔ ነው፣ ስንት ሹፌር ከገደል አድኗል። ግን ከጣርማበር እስከ ኮምቦልቻ ሹፌር አሳድረው ይኖሩ የነበሩ ቤቶች ቀዘቀዙ። ቀጥሎ በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ራሱ ተዘጋ፣ በባቲ የሚወርደው መንገድም የአሰብ መንገድነቱ ቀረ። አንኮበርን ያገኛት ነገር በትንሹ እኛንም ነካን። ኮምቦልቻን ያተረፋት ፋብሪካዋ ነው።

ከደሴ ወዲያ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ሐይቅ፣ ከዚያ የውሉ ስም የተጠራባት ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልዲያ፣ ቆቦ፣ አላማጣ። ከአላማጣ የግራ ካሕሱን ተራራ በጠመዝማዛ ወጥቶ ኮረም፣ የአሸንጌ ሐይቅ፣ ማይጨው፣ አምባላጌ። በዚህ ክፍል ከተማው ሁሉ የጦርነት ስም ይመስላል። እውነትም ነው፣ መንገዱ ለጦር ተቀይሶ ጦር ደጋግሞ ተመላልሶበታል። በ2014 መጀመሪያም ጦርነቱ በዚሁ አስፋልት ከሰሜን ወረደ፣ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ተጠጋ። ጣርማበር እንደገና በዜና ተጠራ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2013 አጣዬ ተቃጥላ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ሌላ ቀን ብጽፍ ይሻለኛል፣ ገና አልደረቀም።

መንገዱ በ1989 ከተጀመረው የመንገድ ልማት ፕሮግራም ወዲህ ሰፍቶና ታድሶ ተሠርቷል፣ ሰላም ሲሆን በአንድ ቀን ደሴ ገብቶ ራት መብላት ይቻላል። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ግን እሱ አይደለም። ከ2003 ጀምሮ ቀበሌን ከዋና መንገድ ለማገናኘት የተቀደዱት የጠጠር መንገዶች ናቸው። ጠባብ ናቸው፣ ብዙዎቹን ክረምት ይበላቸዋል፣ ጠጋኝ ያጣም አለ። ሪባን የሚቆረጥላቸውም ብዙ አይደሉም። ግን የማጀቴን ዓይነት ከተማና የተራራውን ገበሬ ወደ አስፋልቱ የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው። በጀት ሲደለደል ሌላ ሰፊ መንገድ ይሠራ ወይስ እነዚህ ይጠገኑ ቢባል እኔ ሳላመነታ ለጠጠሩ ነው የምፈርደው።

ባለፈው ስሄድ ከከሚሴ አለፍ ብሎ አውቶቡሳችን ቆመ። ስድስት ወንዶች ቃሬዛ አስቀምጠው መንገዱ ዳር ቆመዋል። ከላይ ከተራራው ነው የመጡት፣ ላባቸው ገና አልደረቀም። በጋቢ የተጠቀለለች ሴት አለች፣ ምጥ ጠንቶባት ነው። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ የፊተኛውን ወንበር አስለቀቀ። ሁለቱ ደግፈዋት ወጡ። ሹፌሩ ሒሳብ አልጠየቀም፣ ማንም ስለ መዘግየት አላወራም። ዞሬ በኋላ መስኮት ሳይ አራቱ ባዶውን ቃሬዛ ትከሻቸው ላይ አድርገው የመጡበትን ቁልቁለት ሽቅብ ይዘውታል።